የተዘለለችው አራት

በየጠዋቱ፣ መስኮቱ ሊከፈት ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ መሳቢያዋን ትስብና ጠርዟ የተቦረቦረ የእንጨት ማስመሪያ አውጥታ በሹራቧ እጅጌ ትጠርጋለች። ከማተሚያው የወጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፤ ማስመሪያዋን ከመጀመሪያው መስመር ሥር ታጋድማለች። መስመሩ ላይ ፊደል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። እሷ ግን ከንፈሯን በትንሹ እያነቃነቀች ታነብበዋለች። 4659 ሲል «ሳ» ትላለች፤ 4635 ሲል «ማ»። ቀኝ እጇ ያነበበችውን በጥቁር እስክሪብቶ ቅጹ ላይ ያሰፍራል። መስመሩ ሲያልቅ ከዚያ ሁሉ የቁጥር ክምር ውስጥ የሰው ስም ወጥቶ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ማስመሪያዋን አንድ መስመር ወደ ታች ትገፋለች።

ይህን ስታደርግ አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት።

መሥሪያ ቤቱ የልደትና የሞት ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ነው፤ እሷ ያለችው መስኮት ቁጥር ሦስት ነው። ኮምፒውተር ሲገባ የተገዛው ሥርዓት ፊደሉን አያውቀውም ነበር። ሊተክል የመጣው ባለሙያ ግን ብልህ ሰው ነበርና መላ ዘየደ። በዓለም ላይ ያለ ፊደል ሁሉ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ ለጊዜው ስሙን በቁጥር አስገቡት፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩን መልሶ ፊደል የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ አመጣላችኋለሁ አለ። ከሀ ጀምሮ በስምንት በስምንት እየዘለለ የሚወርድ ሠንጠረዥ አትሞ ሰጣቸው። ከዚያ ሌላ ሥራ አገኘና ሄደ። ፕሮግራሙ አልመጣም። ለጊዜው የተባለው ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ግድግዳው ላይ የለጠፈው ጋሽ ሙጫ ነበር፤ አብሯት በዚያው ጠረጴዛ የሚሠራ ሽማግሌ። የተሰበረ ወንበር፣ የተገነጠለ መዝገብ፣ የተሰነጠቀ የሻይ ስኒ ሳይቀር የሚያጣብቅ ሰው ስለነበር ስሙን የሚያስታውሰው አልነበረም። ሁለቱ በመጀመሪያው ዓመት ሠንጠረዡን እያዩ ሠሩ። በሁለተኛው ዓመት ቀና ብሎ የሚያየው ጠፋ። ጋሽ ሙጫ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ መሥሪያ ቤት የአርባ አንድ ሺህ ሰው ስም ማንበብ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የበሩ ዘበኛ «እትዬ ቁጥር» ብሎ ሰየማት፤ ባለጉዳዩም፣ ኃላፊውም በዚያው ጠሯት።

እሷ ይህን እንደ ሙያ ቆጥራው አታውቅም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ፊደሉን ቁጥር አድርጋ ያስገባችውም እሷ፣ ቁጥሩን ፊደል አድርጋ የምታወጣውም እሷ። ድካሙ ቢሮ ቢቀር ደግ ነበር፤ ግን አብሯት ይሄዳል። አውቶቡስ ስትጠብቅ ታርጋው 4704 ከሆነ ሳታስበው «በ» ትላለች። የጎረቤት የቤት ቁጥር፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለ ቁጥር፣ ሁሉም ያናግራታል፤ የሚናገረው ደግሞ ትርጉም የለውም። አንዳንዴም ትሳሳታለች። አንድ ጊዜ አንዲት አሃዝ ስታ የአንድ ባለጉዳይን ስም አበላሽታ ጻፈች። ሰውየው በሁለት ዓመቱ ወረቀቱን ይዞ መጣና በመስኮቱ አጎንብሶ፣ «እትዬ፣ አባቴ ስሜን ሲያወጣ እርስዎ የት ነበሩ?» አላት። ስቃ አስተካከለችለት። ማታ ላይ ግን ሌላ ስንት ሰው እንዲህ ተሳስቶ ሄዶ ይሆን እያለች እግሯን ስታሽ ቆየች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ዛለ። ጎረቤቶቹ «ምላሱን ብቻ ማረለት» ይላሉ፤ ውሸት አይደለም። ቀን ቀን የምትጠብቀው፣ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰናቸው ቤት ውስጥ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ሲቸግረው በከዘራው ግድግዳውን ይመታል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ይቆማል፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌ በአንገትጌዋ እንደሰካች ትመጣለች። ምሳውን ታበላዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ትመለሳለች።

በወሩ መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆማ፣ «አንቺ፣ ሳልነግርሽ ብቀር ኃጢአት ነው» አለቻት። «ልጄ ሁለተኛዋን ልትወልድ ነው። ነይ እያለችኝ ነው። ወሩ ሲያልቅ፣ ቅዳሜ፣ እሄዳለሁ።»

«ለመቼ ትመለሻለሽ?»

«የስፌት መኪናዬን ጭኜ ነው የምሄደው እኮ፣ እህቴ።»

የስፌት መኪና ተጭኖ ከሄደ መመለስ እንደሌለ ማንም ያውቃል። እትዬ ቁጥር በማግስቱ ጡረታዋ ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀራት ቀድማ ለመውጣት ማመልከቻ አስገባች። ኃላፊው ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ወደ ቦታው ከመጣ አራት ዓመቱ የሆነ፣ በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ፊርማ የሚፈራ ሰው ነው።

«እርስዎ ከወጡ ማን ያነብልናል?» አላት።

«ሰው ያስተምሩ።»

«አርባ አንድ ሺህ ስም? ማንን? ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ። ፕሮግራመር ይላኩልኝና ነገሩ ወደ ፊደል ይቀየር። ተቀይሮ በዓይኔ ባየሁ ቀን እፈርማለሁ።»

ፕሮግራመሯ ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው መጣች። ወደ አርባ የምትጠጋ፣ ወገቧን የሚያማት ሴት ናት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላት ትነሳና ቆማ ትጽፋለች። ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ታወራለች፣ «አንተ ደንቆሮ» ትለዋለች። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ቁጥር ስትሠራ አጠገቧ ቆማ አየች። ማስመሪያው አንድ መስመር ሲወርድ፣ ሌላ መስመር ሲወርድ፣ ስሙ ሲወጣ አየችና አፏን ያዘች።

«እትዬ፣ በጭንቅላትዎ ነው?»

«በምን ላድርገው ታዲያ፣ ልጄ?»

«ስንት ዓመት?»

ነገረቻት። ፕሮግራመሯ ሻይ ቀዳችላት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝገቡን ከአሮጌው ሥርዓት አውጥቶ ወደ አዲሱ በመገልበጥ አለቁ። ሰኞ ጠዋት ፕሮግራመሯ ጠራቻት።

«ይቺን ይዩ። በምንሠራበት የኮምፒውተር ቋንቋ ውስጥ አንዲት ትእዛዝ አለች። ‹ቸር› ነው የምንላት፤ የፈረንጅ ምኅጻር ናት፣ አፋችን እንደመጣልን እንጠራታለን። ቁጥር ይሰጧታል፣ ፊደል ትሰጥዎታለች።»

«እውነትም ቸር ናት።»

ፕሮግራመሯ 4673፣ 4901፣ 4653 ብላ ጻፈች። እትዬ ቁጥር ከትእዛዟ በፊት አንብባው ነበር። የኮምፒውተሩ ማያ ላይ «ቁጥር» የሚል ቃል ወጣ።

«ስምዎት ነው» አለች ፕሮግራመሯ እየሳቀች። «አሁን ደግሞ ለእያንዳንዱ መስመር ይህንኑ አድርጊ እንላታለን። ቁጥሮቹን በክፍተቱ ትለያለች፣ አንድ በአንድ ትቀይራለች፣ ትገጣጥማለች። አለቀ።»

አለቀ ያለችው ነገር አራት መስመር ጽሑፍ ነበር። ቁልፉን ተጫነች። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ ይሮጡ ጀመር። የተቀዳው ሻይ ሳይበርድ ቆመ። እትዬ ቁጥር ልትደነቅ ወይም ልትናደድ ይገባት እንደሆነ አሰበች፤ ሁለቱም አልመጡላትም። እግሯን ነው ያመማት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋን የሚጭነው መኪና ሲመጣ እኔ ቤት እሆናለሁ ማለት ነው አለች በልቧ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ፕሮግራመሯ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ከስሞቹ መካከል ስም ያልሆነ ነገር ነበር። ነጥብ የጠፋበት የጥያቄ ምልክት፣ በጭንቅላቱ የቆመ የባዕድ ፊደል፣ ሹካ የሚመስል ነገር፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ አካል የሌላቸው ጭረቶችና ነጥቦች በጎረቤታቸው ራስ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ፕሮግራመሯ ቆጥራ አወጣችው፤ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት መዝገብ።

እትዬ ቁጥር አይታ አወቀችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ሥርዓት ለአንድ ሰው ሙሉ ስም የሚሰጠው ስልሳ ቦታ ብቻ ነበር። አንድ ፊደል አራት አሃዝ ይበላል፤ ከክፍተቱ ጋር አምስት። ስልሳ ቦታ አሥራ ሁለት ፊደል ብቻ ይይዛል ማለት ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል። ያለፈውን ማሽኑ ሳይናገር ይቆርጠዋል፤ አያት ያለ ጭራ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ባለጉዳይ እየመጣ «የአያቴን ግማሽ ምን አደረጋችሁት?» ሲል ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚመልሱት አጡ። አንድ ቀን እትዬ ቁጥር ሠንጠረዡን ስታይ አንድ ነገር ታያት። የፊደሉ ሁሉ ቁጥር የሚጀምረው በአራት ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሁሉም ላይ ያለ ነገር ደግሞ ባይጻፍ ማን ያጣዋል? «ጋሽዬ፣ አራቷን ብንዘላትስ?» አለች። ጋሽ ሙጫ መነጽሩን አወለቀና፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንቱን ሳጣብቅ አንቺ በመቁረጥ ልታድኚኝ ነው» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረጅም ስም ሲመጣ 4659ን 659 ብለው አስገቡት። አሥራ ሁለቱ አሥራ አምስት ሆነ። የሚያነቡት ራሳቸው ነበሩና ለማንም መናገር አላስፈለገም። እንደ ሚስጥርም አልያዙት፤ ረሱት እንጂ። ለእሷ 659ም 4659ም «ሳ» ነው።

ለማሽኑ ግን አይደለም። 659 ሌላ አገር ያለ የሌላ ሰው ፊደል ነው።

አፏን ልትከፍት ስትል ኃላፊው ገባ። ማያውን አየ፣ ቀለሙ ተለወጠ።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

«ገና አላወቅነውም» አለች ፕሮግራመሯ። «ሲገባ የተበላሸ ይመስላል። አሃዝ ጎድሎታል።»

«ይህ እኮ የመንግሥት ሰነድ ማበላሸት ነው። ያደረገው ሰው በዲሲፕሊን ይጠየቃል።» ቆም አለና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ያ ሽማግሌ ነው የሚሆነው፤ ሟቹ። በስተርጅና ዓይኑ ደክሞ ነበር አሉ። እሱ ነው ብለን እንጽፋለን። ከዚያ እነዚህን ሦስት ሺህ ምናምን ከወረቀት መዝገቡ ላይ እንደገና ማስገባት ነው። እትዬ ቁጥር፣ በእርስዎ እጅ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ባለጉዳይ እያስተናገድኩ?»

«እያስተናገዱ።»

«ስድስት ሳምንት።»

«እንግዲህ ስድስት ሳምንት ይታገሱናላ።»

መዘዙ ግልጽ ሆኖ ተቀመጠላት። ዝም ካለች ስድስት ሳምንት ትቆያለች፤ ባሏ ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ ባዶ ቤት ግድግዳ ሲመታ ይውላል። ከተናገረች ሥራው በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ግን ጉዳዩ በዲሲፕሊን የተያዘ ሠራተኛ መልቀቂያ አይፈረምለትም የሚለውን ደንብ የለጠፈችው ራሷ ናት፤ ከመስኮቷ በስተጀርባ ያለው ሰሌዳ ላይ።

ዝም አለች።

ቤት ስትገባ ባሏ በመስኮት በኩል መንገዱን ያያል። የሚያልፉትን አውቶቡሶች ይቆጥራል፤ የዘገየውን ይሳደባል።

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ፊቱ እንዲህ አይደለም፤ ምንምን አውቀዋለሁ።»

ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነገረችው። ሳያቋርጥ ሰማት፤ ይህ ከእሱ አይጠበቅም።

«እና አራት ዘለልሽ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ ስንት ፌርማታ ዘልያለሁ፣ ማን ከሰሰኝ?»

«ተሳፋሪው።»

«ተሳፋሪ ይጮሃል እንጂ አይከስም። ወንበሩን መትቶ ይወርዳል።»

«ቀልድ አይደለም እኮ። ጋሽ ሙጫ ነው እያሉ ነው።»

ቀልዱን ተወ። ጋሽ ሙጫ ባሏን ስትሮክ በመታው ሰሞን ሆስፒታል እየመጣ፣ አልጋው ሥር ያለውን የላላ ጎማ አጥብቆለት የሄደ ሰው ነበር።

«ሙት ወቃሽ ልትሆኚ ነው?»

«እኔ መች ወቀስኩ?»

«ዝም አልሻ።»

«ብናገር አይለቁኝም! ቅዳሜ ማን ሊያገላብጥህ ነው? አንተ ነህ ራስህን የምታገላብጠው?»

«እንደ ቂጣ እገላበጣለሁ» አለ። ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ የእሷን ክንድ ያዘ። «ስሚ። ዝም ብትይም አይለቁሽም። ሁለቱም መንገድ ዝግ ነው አይደል? መንገድ ዝግ ከሆነ ሹፌር ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል?»

«ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። ሂጂና ንገሪያቸው። ደክሞሻል፤ ጥፋትሽን ሙት ላይ መጫን ደግሞ ይከብድሻል፣ ራስሽ ብትሸከሚው ይቀልልሻል።»

ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ሰፊዋ መቀስ ይሰማ ነበር። ካርቶን እየቆረጠች ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ማስመሪያዋን አላወጣችም። ቀጥታ ወደ ፕሮግራመሯ ሄደች።

«ልጄ፣ አሃዙ አልጎደለም። አራቷን ዘልያት ነው።»

ፕሮግራመሯ ዓይኗን ከማያው ሳታነሳ፣ «የትኛዋን አራት?» አለች።

«የፊቷን። ሁሉም በአራት አይደል የሚጀምረው? ቦታ አልበቃ ሲለን ረጅም ስም ላይ እንዘላት ነበር።»

ፕሮግራመሯ ወገቧን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ገባትና ወረቀት ፈልጋ 659 ብላ ጻፈች፣ ከፊቱ 4 ጨመረች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሙሉ ሌሊት ቁልፉን ሲፈልግ አድሮ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ሳቅ ነበር።

«እትዬ! እኔ ትናንት ማታ አሮጌው ማሽን በልቶት ነው ብዬ ስንት ነገር ሞከርኩ። ዝም ብሎ አራት ሺህ መደመር ነዋ!»

«ሁሉም ላይ አይደለም።»

«እንዴት?»

«የስሞቹ መሐል ክፍተት አለ፤ እሱ ሠላሳ ሁለት ነው፣ እሱ ላይ እንዳትደምሪ። የውጭ ሰዎች ስምም በራሳቸው ፊደል አለ። እነሱ ትንንሽ ናቸው፤ ከመቶ ሃያ ምናምን አያልፉም። አንዳንዱ ላይ ነጥብ ያለው ፊደል ይመጣል፤ ሁለት መቶ ምናምን። የኛው ከስድስት መቶ ስምንት በታች የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ከስድስት መቶ ስምንት በታች የኔ አይደለም። ከዚያ በላይ ሆኖ ሺህ ያልሞላ ሁሉ የኔ ነው።»

ፕሮግራመሯ አራቱ መስመር ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ቁጥሩ ከስድስት መቶ ስምንት ካላነሰና ሺህ ካልሞላ አራት ሺህ ደምሪበት የሚል። ቁልፉን ተጫነች። የተንጠለጠሉት ነጥቦች ወረዱ፤ ሹካዎቹ ጠፉ። ከሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንቱ ውስጥ አሥራ አንድ ብቻ ቀሩ፤ እነሱ እውነተኛ የጣት ስሕተት ነበሩ።

«ግን እኮ፣ እትዬ» አለች ፕሮግራመሯ ዝግ ብላ፣ «ለምን እንደደመርኩ በሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለብኝ። ነገ ሌላ ሰው ይህቺን መስመር ሲያይ አብዳለች ነው የሚለኝ። ማን እንደነገረኝም መጻፌ ነው።»

«ጻፊው። እኔም እፈርማለሁ።»

«ሊያስጠይቅዎት ይችላል።»

«አውቃለሁ። ደንቡን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ሪፖርቱን ቆሞ ጀመረና ተቀምጦ ጨረሰው። እትዬ ቁጥር በር አጠገብ ያለችውን ወንበር ሳትጋበዝ ያዘች፤ እግሯ አላስቆማትም።

«እርስዎ ኖት?» አላት።

«እኔ ነኝ። ጋሽ ሙጫ እሺ አለ እንጂ እሱ አላመጣውም። ከሚጽፉት ላይ የሱን ስም ያውጡት።»

«ለምን አላሳወቁም?»

«ያኔ የነበረውን ኃላፊ ቦታው አይበቃም ብለን ነግረነው ነበር። ‹ብቻ ስም አይቆረጥ› አለን።»

«ጽሑፍ አለ?»

«የለም። በአፉ ነው የነገረን።»

«ጽሑፍ ከሌለ የለም ማለት ነው፣ እትዬ ቁጥር።»

«ስሞቹ አሉ» አለች። «ይቁጠሯቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ አያት አልተቆረጠም።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ኃላፊው ግንባሩን በሁለት ጣቱ ያሽ ጀመር። ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ከሄደ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ሦስት ወር ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «አንተ አራት ዓመት እዚያ ተቀምጠህ ስሞቹ እንዴት እንደተቀመጡ አላየህም?» የሚል ይሆናል። አላየም ነበር። እሷ ታነባለቻ፤ ለምን ያያል?

«የቃል ማስጠንቀቂያ እሰጥዎታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ወደ ዲሲፕሊን አልወስደውም። ግን ማሽኑ አስተካከለው ብዬ ዝም ብዬ አልፈርምም። ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንቱንም ከወረቀት መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አመሳክረው፣ በእያንዳንዱ ገጽ ሥር ይፈርሙልኛል። ያለቀ ቀን መልቀቂያዎትን እፈርማለሁ።»

«መስኮቱስ?»

«መስኮቱን እስከ ዓርብ እዘጋዋለሁ።»

ሦስት ቀን ተኩል ነበራቸው። የወረቀት መዝገቦቹ ከመጋዘን በጋሪ መጡ፤ አቧራቸው ፕሮግራመሯን እስክታነባ አስነጠሳት። አንዷ ከማያው ታነባለች፣ ሌላዋ መዝገቡን በማስመሪያ ትከተላለች። መጀመሪያ እትዬ ቁጥር ማያውን ልታነብ ሞክራ ነበር። አልሆነላትም። በዚያ ማያ ላይ ስም በፊደል አንብባ አታውቅም፤ ዓይኗ ቁጥር ይፈልጋል፣ ፊደሉን ሲያገኝ ይደናቀፋል። የገዛ ፊደሏን እንደ ተማሪ ስትንተባተብ ፕሮግራመሯ ሳታስቀይማት ቦታ ቀየረቻት።

«ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ትላለች ፕሮግራመሯ።

«ልክ» ትላለች እትዬ ቁጥር። ማስመሪያዋን ትገፋለች።

«ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም።»

«ልክ።»

ሐሙስ ከሰዓት ላይ የሁለቱም ድምፅ ጎረነነ። ፕሮግራመሯ ቆማ ታነባለች፣ ተቀምጣ ታነባለች፣ አንድ ጊዜም ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ ኮምፒውተሩን ወንበር ላይ አስቀምጣ አነበበች። ዘበኛው በበሩ ብቅ ብሎ አያትና፣ «እትዬ ቁጥር፣ ሰው ገደሉ እንዴ?» አለ።

«ገና ነው» አለች ወለሉ ላይ ያለችው። «ዘጠኝ መቶ ስም ቀርቶኛል።»

«ጨርሰው ይሙቱ» ብሎ ሄደ።

ዓርብ፣ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ የመጨረሻው ገጽ ሥር ፈረመች። አሥራ አንዱን የጣት ስሕተት በቀይ ቀለም አርማ ለብቻ አስቀመጠች። ኃላፊው ገጾቹን አገላበጠ፤ አንድ ከመሐል፣ አንድ ከመጨረሻ አየ። ከዚያ መልቀቂያውን ፈረመ፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ እጁን ዘረጋላት። የሆነ ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ግን ስልኩ ጮኸና አነሳው።

ማስመሪያዋን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። የመጣው አውቶቡስ ታርጋ 4808 ነበር። «ወ» አለች፤ ተሳፈረች። ወንበር ባዶ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። የስፌት መኪናዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ባልየውን ግንባሩን ስማ፣ «እንግዲህ ደግሞ ይቺን ጨቅጭቃት» አለችው። «አሁንማ ደመወዝ የሌላት ናት፤ ትከፋለች» አላት እሱም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮት ቁጥር ሦስት ተከፈተ። አዲስ የተመደበው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ባለጉዳይ ወረቀቱን በአራት ደቂቃ አትሞ ሰጠው። እትዬ ቁጥር በዚያች ሰዓት ባሏን ወደ ግራ ጎኑ አገላብጣ ጀርባውን ታጥብ ነበር፤ በተኛበት ጎን ሥር የሚያሳክከውን ቦታ እጇ አልደርስበት ሲል ልታክለት ማስመሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች።